ደሴት ላይ ለቅሶ ተቀመጥኩ

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚዘገይ አሳምሬ አውቃለሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ተሳትፌያለሁ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን አባቱ ክፍለ ሀገር ያረፉ ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ ጠዋት መጥተው እስኪነግሩት ድረስ አብሬው ኳስ እንዳይ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰውየውን ማብላት ነው፤ ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትም። ስልኩን በሆነ ሰበብ ከእጁ ማራቅ አለ። ከዚያ በኋላ እየተገላበጠ የሚመጣ፣ ለዋሺውም የማይጥም ውሸት ነው። ያ ጎረቤቴ በኋላ፣ «ሦስተኛውን ጉርሻ ስታጎርሰኝ እኮ ገብቶኝ ነበር» ብሎኛል።

እንግዲህ ይህን የማውቅ ሰው በመሆኔ ነው፣ ሜዲትራኒያን ባሕር መሃል የመዝናኛ ጀልባ ላይ ተቀምጬ እናቴ እንደሞተች የገባኝ።

እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ልናገር። እኔ መካኒሳ አቦ አካባቢ ሶፋ የምሠራ ሰው ነኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ተወልደው ያረጁ ግሪካዊ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል፤ ሲናደዱ ደግሞ የድሮ ሰፈር ስድብ ነው የሚያወርዱት። ልጆቻቸው ዘንድ ጠቅልለው ከሄዱ ቆይተዋል። ጡረታቸውን የሚያሳልፉባት አንዲት ባለሸራ ጀልባ አለቻቸው። የጀልባዋ ወንበርና ፍራሽ አርጅቶ ኖሮ፣ «እዚህ ያሉት ሠራተኞች ስፌት አይችሉም። ና ሥራልኝ፣ ከዚያ ደሴት አሳይሃለሁ» አሉኝ። የስልክ ወሬ መስሎኝ እሺ አልኩ። የደነገጥኩት ቪዛው ሲመጣ ነው።

ለእናቴ መንገሩ ነበር ችግሩ። እናቴ በልጅነቷ ከወላይታ መጥታ፣ ዕድሜዋን ንፋስ ስልክ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ስትሠራ የኖረች፣ በጸሎት የምታምን ጴንጤ ናት። አሁን ከእኔና ከታናሽ ወንድሜ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤተ ክርስቲያን በቀር ለምንም አትወርድም።

«በጀልባ ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«የመዝናኛ ጀልባ ነው እማዬ። የሀብታም ነው።»

«በየትኛው ባሕር?»

ነገርኳት።  እኛ ብሎክ ውስጥ የዚያ ባሕር ስም ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ልጇ በሊቢያ በኩል ከወጣ ወዲህ፣ የማንም ስልክ ቢጮህ ብድግ ትላለች። እኔም ልዩነቱን ላስረዳ ሞከርኩ። ያ ላስቲክ ነው፣ ይሄኛው አልጋ አለው፣ ኩሽና አለው፣ ሽንት ቤት እንኳን አለው አልኳት።

«ውሃው ግን አንድ ነው አይደል?» አለች።

 በሄድኩበት ቀን ሁለት እጇን ጭንቅላቴ ላይ ጭና ጸለየች፤ ከቃሪያና ከቅመም የፈጨችውን ዳጣ በብልቃጥ ሞልታ ሻንጣዬ ውስጥ ወሸቀችልኝ፤ «ጌታ ይቅደምህ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጀልባዋ ወደብ ላይ ታስራ ሳለች ሥራዬን ሠርቼ ጨረስኩ። ከዚያ ወጣን። ሐዋሳን ካልቆጠርን ባሕር የሚባል ነገር ከቴሌቪዥን ውጭ አይቼ አላውቅም፤ እናም ምን እንደምል ግራ ገባኝ። ዳር የለውም። መሬት የሚመስል ነገር ታያለህ፣ ደመና ሆኖ ይቀራል። ደመና ነው ብለህ ስትተወው ደሴት ይሆናል። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አጋድላ ትሄዳለች፤ ልትገለበጥ ነው ብዬ ስጮህ ጋሼ «እንዲህ ነው የምትሄደው፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ» ይሉኛል።  ሰው ለዚህ ብሎ ከቤቱ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ጨርሶ አልገባ አለኝ።

ወደብ በነካን ቁጥር ቤት እደውላለሁ። ስልኩን የሚያነሳው ወንድሜ ነው።

«እማዬስ?»

«ጸሎት ላይ ናት።»

በሚቀጥለው ስደውል «ተኝታለች» አለኝ። በጠራራ ፀሐይ! እናቴ ቀን ተኝታ አታውቅም፤ ወባ የያዛት ጊዜ እንኳን ቁጭ ብላ ነው ያለፈችው።

«ቀስቅሳት እንጂ።»

«አይ፣ ስልኳ ተበላሽቷል።»

«እኔ የደወልኩት በአንተ ስልክ አይደለም እንዴ?»

«እ… ማለቴ አሁን ወጣ ብላለች» አለኝ። በዚያ ጉልበቷ፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ ወዴት ነው ወጣ የምትለው? ልጮህበት ስል ድምፁ ለስለስ አለና፣ «ራስህን ጠብቅ ወንድሜ። በጣም ነው የምንወድህ» ብሎኝ ዘጋው።

ይሄ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ እወድሃለሁ ብሎኝ አያውቅም። እኔም ብዬው አላውቅም። እኛ ቤት ፍቅር የሚገለጸው ቻርጀር በመደባበቅ ነው። 

በማግስቱ የጋሼ ስልክ ጠራ። ስንነሳ ለክፉም ለደጉም ብዬ ቁጥራቸውን ለወንድሜ ሰጥቼው ነበር። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተነስተው ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሄዱ። ነፋሱ ቃሉን እየቆራረጠ የሚያመጣልኝ አማርኛ ነው። «እሺ… ግዴለም… እኔ አለሁ…» ሲሉ ሰማሁ። ሲመለሱ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉና፣ «ና እስቲ ምሳ እንብላ» አሉኝ።

አሁን በልተን መነሳታችን ነበር።

ፈረንጅ ቢሆኑ ኖሮ ምንም አልጠረጥርም ነበር። ፈረንጅ እንዲህ ዓይነት ነገር መደበቅ አይችልም፤ ቁጭ አድርጎ ይነግርሃል። እሳቸው ግን አዲስ አበቤ ናቸው። የስንቱን ሠራተኛቸውን መርዶ አዘግይተዋል! አሣ ጠብሰው፣ የእናቴን ዳጣ ቀብተው፣ በእጃቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ። «ድገም» አሉ። ደግሞም «አንድ ብቻ ያጣላል» እያሉ አጎረሱኝ። ሦስተኛው ላይ ያ ጎረቤቴ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባያቸው ተለወጠ። ያችን ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ካለበስኩህ ብለው ድርቅ አሉ። ባሕሩ ሰሃን ላይ እንዳለ ውሃ ረግቶም ልበስ፣ ቆመን መልሕቅ ጥለንም ልበስ። ሽንት ቤት ስገባ ቆይተው ያንኳኳሉ። ሳላስበው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ እይዛቸዋለሁ። አዝኖ ራሱን ውሃ ውስጥ ይጥላል ብለው ፈርተው ነው አልኩ። ነፋሱ ሊበረታ ነው የሚል ትንበያ መጣ ብለውም፣ «የመመለሻህን ቀን ብናስቀድመው ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። እኔ የማየው ሰማይ ግን ጠራ ያለ ነው።

ለምን አልጠየቅህም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይጠየቅማ! ብጠይቃቸው እሳቸውን ማዋሸት ነው፤ ካልዋሹ ደግሞ መርዶው ከአገሬ ውጭ፣ ወገን በሌለበት፣ ቆሜ የምይዘው ግድግዳ እንኳን በማይረጋበት ቦታ ሊነገረኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበር። ካልጠየቅሁ በአንድ በኩል አለች። ጸሎት ላይ ናት፣ ተኝታለች፣ ወጣ ብላለች። እነዚያን ውሸቶች እየጠላኋቸውም እፈልጋቸው ነበር።

ደሴቲቱ ላይ የደረስነው እንዲህ ሆኜ ነው። ነጭ ቤቶች ተራራው ላይ ተደራርበው ወጥተዋል፤ ውሃው ከስሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ይታያል። ሰው ፎቶ ይነሳል፣ ይስቃል፣ አይስክሬም ይልሳል። ጋሼ ለጀልባዋ ውሃ ሊቀዱ ወደብ ቀሩና «ዞር ዞር በል፣ መጣሁ» አሉኝ። ሰደርያዬን ለብሼ ወደ ላይ ወጣሁ። አውልቄ መጣል እንደምችል እንኳን ትዝ አላለኝም።

ከላይኛው ሰፈር ስደርስ ሳቁ ቀረ። በየደጁ አሮጊቶች ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ካልሲ። አንዷ ብቻ ብትሆን አንድ ነገር ነው። ሁሉም! አገሩ በሙሉ ለቅሶ የተቀመጠ መሰለኝ። በኋላ ጋሼ ባሏ የሞተባት ሴት ዕድሜ ልኳን ጥቁር እንደማታወልቅ ነግረውኛል፤ ያኔ ግን ይህን የሚያስረዳኝ አልነበረም። አንዷ አጠገብ የድንጋይ መደብ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቼ አለቀስኩ። መጀመሪያ በዝምታ ነበር፤ ኋላ ድምፄ ወጣ። እኛ ቤት ሙሾ አይወረድም። እናቴ «በጌታ ለሞተ ሰው መዝሙር ነው» ባይ ናት፤ ለቅሶ ቤት ደረት የሚመታ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። እኔ ግን መዝሙር አልመጣልኝም። የመጣልኝ ዳጣው ነው። ዳጣሽን ማን ይፈጭልኛል አልኩ፤ ብልቃጡ ሊያልቅ ነው አልኩ። ከዚያ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁት ነገር መጣ።

ልጅ ሆኜ ላፍቶ አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ እናቴ ከፋብሪካ ስትገባ ጎንበስ የምትልበት አቅም አልነበራትም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና ምንም ሳትናገር እግሯን ትዘረጋልኛለች። የሸራ ጫማዋን ማሰሪያ የምፈታው እኔ ነበርኩ። እግሯ አብጦ ማሰሪያው ቆዳዋ ላይ መስመር ያወጣል፤ መስመሩን በአውራ ጣቴ እያሸሁ አጠፋዋለሁ። መቼ እንዳቆምኩ አላስታውስም። አድጌ ነው መሰለኝ።

«እማዬ፣ ጫማሽን ማን አወለቀልሽ?» እያልኩ ነው ያለቀስኩት። ታምማ ስትተኛ፣ ሲያጥቧት፣ ሲገንዟት፣ ጫማዋን ማን አወለቀላት? ከዚህ ሌላ ምንም አልታየኝም። ባሕሩም፣ ነጩ ቤትም፣ ፎቶ የሚነሳውም ሰው የት እንደሄደ እንጃ።

አሮጊቷ ምንም አልጠየቀችኝም። ገብታ አንድ ብርጭቆ ውሃና በማንኪያ የተጨለፈ ጣፋጭ ነገር በሳህን ይዛልኝ መጣች፤ የሆነ ፍራፍሬ በስኳር የበሰለ ነው። ቅመስ ብላ በእጇ አሳየችኝ። አጠገቤ ተቀመጠችና ጉልበቴን ይዛ አብራኝ አለቀሰች። የራሷን ሰው ይሆናል ያለቀሰችው። ሌላዋም ከማዶ ወንበሯን ጎትታ መጣች። እንግዲህ ለቅሶ ደራሽ ማለት ሌላ ምንድን ነው? አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም፣ ያለቀስንለትም ሰው አንድ አይደለም፤ ግን ደንቡን አንድም ሳያጎድሉ አስተዛዘኑኝ።

ጋሼ ቁና ቁና እየተነፈሱ ሲደርሱ እንዲህ ሆነን አገኙን። አሮጊቷ በግሪክኛ ብዙ ነገር ነገረቻቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምን ሆንክ? ማን ምን አለህ?»

«ማንም ምንም አላለኝ ጋሼ። ገብቶኝ ነው።»

ሰደርያዬን አዩና አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «ወንድምህ አትንገረው ብሎ ቃል አስገብቶኝ ነው፤ አትቀየመኝ። እናት መቼም…» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ እጄን አነሳሁ።

«እንዳይነግሩኝ! ቤቴ ገብቼ ነው የምሰማው።»

አዲስ አበቤ ናቸውና አልቀጠሉም። ተነስቼ ስሄድ ሁለቱ አሮጊቶች እስከ ደረጃው ሸኙኝ።

የመልሱን መንገድ አላስታውሰውም ብል ይሻላል። ነፋሱ እውነትም በረታ፤ ትንበያው ውሸት አልነበረም። ይህ ራሱ ግራ አጋባኝ፤ አንዱ እውነት ከሆነ ሌላውስ? ደግሞ አንዴ ከተለቀሰ በኋላ ተስፋ ማድረግ ያሳፍራል። አውሮፕላን ውስጥ ከጎኔ የነበረው ሰው ለመዝናናት ሄጄ እንደነበር ሲሰማ «ታድለህ!» አለኝ።

ቦሌ በጠዋት ደረስኩ። ሻንጣዬን እየገፋሁ መኪና ማቆሚያው ጋ ስወጣ፣ ወንድሜን ከሩቅ አየሁት። አጠገቡ ጥቁር ኮት ለብሰው የእድራችን ሊቀመንበር ቆመዋል።

እዚህ ላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። የእድር ሊቀመንበር በጠዋት፣ በጥቁር ኮት፣ ሊቀበልህ ኤርፖርት ከመጣ አለቀ። ሻንጣውን ለቀቅሁት። አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩና «እማዬን!» ብዬ ጮህኩ። ጋቢ የለበሱ መንገደኞች ቆመው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ሊቀመንበሩ እየሮጡ መጥተው ብብቴ ስር ገብተው ሊያነሱኝ ይታገላሉ።

«ልጄ፣ ተረጋጋ! ምን ሆነህ ነው?»

«ንገሩኝ! አሁን ቤቴ ገብቻለሁ፣ ንገሩኝ!»

«ምኑን ልንገርህ? እኔ የመጣሁት መኪና ስላለኝ ነው እኮ!»

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። «እማዬ መኪና ውስጥ ናት» አለኝ። «እቀበለዋለሁ ብላ መጥታ፣ ጉልበቷን አሟት ነው ያልወጣችው።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከኋላ ወንበር፣ በነጠላዋ ተሸፍና፣ በመስኮቱ ታየኛለች። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ እንደገና አለቀስኩ። የአሁኑ ለምን እንደሆነ ግን እኔም አላወቅሁትም። ደስ ብሎኛል፤ ተናድጃለሁም፤ ደግሞ የሚገርመው፣ ያቺ ደሴት ላይ ያለቀስኩላት እናቴ አሁንም የሞተች ይመስለኝ ነበር።

መኪና ውስጥ ተሳሳምን። አገላብጣ አየችኝና «ከስተሃል» አለች። ጉዳዩ እየተጎተተ የወጣው በመንገድ ላይ ነው። ለካ ከሄድኩበት ቀን ጀምሮ ጾም ጸሎት ይዛ ነበር።

«ታዲያ ለምን አላናገርሽኝም?»

«ለጌታ አስረክቤህ እያለሁ፣ ደርሰሃል ወይ ብዬ በስልክ ላጣራ? እሱስ ምን ይለኛል? ድምፅህን ብሰማ ደግሞ ማልቀሴ ነው። ባሕር ላይ ላለ ሰው እንዴት ይለቀሳል?»

ወንድሜ ከፊት ወንበር ዞረ። «እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ? ‹እየጾምኩ እንደሆነ አትንገረው፣ ይሳቀቃል› አለችኝ። እወድሃለሁ በለውም ያለችው እሷ ናት። ለሰውየው ደውልና ያንን የሚያንሳፍፍ ልብስ ሁልጊዜ ያልብሱት፣ በደንብ ያብሉት፣ ከዓይናቸው አያርቁት፣ ደግሞ እኔ ማለቴን እንዳይሰማ ብላ አስደወለችኝ።»

እኔም ደሴቲቱ ላይ ያደረግሁትን ስነግራቸው፣ ሊቀመንበሩ መሪውን እየደበደቡ ሳቁ። ለቡ መብራት ኃይል ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ሚኒባሶቹ ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ የሆነ ነገር እያሰበች ነበር።

«አለቀስክልኝ ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጮክ ብለህ?»

«ጮክ ብዬ።»

በእሷ ቤት ነውር ነው። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ምን ብለህ?» አለችኝ።

 ለማያውቁኝ አሮጊቶች ያወጣሁት ቃል ለእሷ አልወጣም አለ። ዳጣውን ማን ይፈጭልኛል ብዬ ነዋ፣ አልኳት። ሊቀመንበሩና ወንድሜ እንደገና ሳቁ። «ሆዳም!» አለ ወንድሜ።

«ሌላስ?» አለች።

«ሌላ የለም።»

ጀሞ እስክንደርስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። 

አራት ፎቅ ደረጃውን ደግፌ አወጣኋት። በየፎቁ ቆመን ትንፋሿን ትሰበስባለች። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ በሯን ከፍታ ወጣችና፣ መግባቴን ስታይ እልል አለች፤ እልልታዋን ሳትጨርስ ድምፅዋ ተሰበረና ወደ ቤቷ ተመለሰች። እናቴ የተዘጋውን በር በመዳፏ ነካ አድርጋው አለፈች። ሊቀመንበሩ ቡና እንኳን ሳይሉ ሄዱ፤ ወንድሜ ሻንጣዬን ወደ ውስጥ አስገባ። እሷ እኔ የሠራሁላት ሶፋ ላይ ቁጭ አለች። ኤርፖርት ልትሄድ ብላ ባለማሰሪያ ጫማዋን ነው ያደረገችው።

ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ከዚህ በኋላ ካልተናገርኩ መቼም አልናገረውም።

«ጫማሽን ማን አወለቀልሽ፣ ነው ያልኩት» አልኳት።

መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ። ቀጥሎ እግሯን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ቆየችበት።

«ማንም» አለች። «ራሴ ነኝ የማወልቀው። አሁን አሁን ጎንበስ ማለቱ ይከብደኛል እንጂ።»

ከዚያ ምንም ሳትናገር እግሯን ዘረጋችልኝ። ተንበረከክሁ። ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ጠብቆ ነበር፤ እኔም ዓይኔ አይታየኝም፤ እስክፈታው ጊዜ ወሰደብኝ። እሷም አላጣደፈችኝም።